ፊልተሩን ከሰማይ ይልቅ ለምድር

ደብረ ብርሃን ላይ ለፎቶ አንሺዎች የተደረገ ንግግር፤ በጽሑፍ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ። ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ብዙ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይህ በእጄ የያዝኩት ክብ መስታወት ካሜራ ሌንስ ፊት የሚገጠም ፊልተር ነው፤ ፖላራይዘር ይባላል። ከሩቅ ሲያዩት የፀሐይ መነጽር አንድ ዐይን ይመስላል፤ ጠቆር ያለ ነው እንጂ ይህ ነው የሚባል ቀለም የለውም። ላፕቶፑን ወደ እናንተ አዙሬ ነጭ ገጽ ከፍቻለሁ። አሁን ፊልተሩን ከስክሪኑ ፊት ይዤ ቀስ እያልኩ ላዙረው። ተመልከቱ፤ ደበዘዘ፣ ደበዘዘ፣ ጠቆረ። ሩብ ዙር ልጨምርለት፤ ተመልሶ በራ። ስክሪኑን አልነካሁትም። ያዞርኩት ይህችን ክብ ብቻ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለዚች ክብና ስለ ዘመዶቿ ነው። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ አብዛኞቻችን ፖላራይዘር የምንገዛው ሰማይ ሰማያዊ እንዲሆንልን ነው። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገዛሁት። በእኛ ደጋ ላይ ግን ይህ ፊልተር ከሰማዩ ይልቅ ለምድሩ ይጠቅማል። ለቅጠሉ፣ ለውኃው፣ ለእርጥብ ድንጋዩ። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ።

ብርሃን እየተወዛወዘ የሚጓዝ ሞገድ ነው። ከፀሐይ ሲመጣ ውዝዋዜው ቁርጥ ያለ አቅጣጫ የለውም፤ ወደ ላይና ወደ ታችም፣ ወደ ጎንም፣ ሰያፍም በአንድነት ነው። መንዝ ውስጥ አሁን የተሸለተ የበግ ፀጉር አይታችኋል? እንደዚያ ነው፤ ፀጉሩ ሁሉ በየፊናው ነው። ይኸው ብርሃን ውኃ ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ መስታወት ላይ ነጥሮ ሲመለስ፣ ወይም አየር ውስጥ ሲበታተን ግን በከፊል ይበጠራል፤ አብዛኛው ውዝዋዜ አንድ አቅጣጫ ይይዛል። ፖላራይዘር እንግዲህ ሚዶ ነው በሉት። ከተበጠረው ብርሃን ጋር አንድ አቅጣጫ ሲይዝ ያሳልፈዋል፤ ሲጋደምበት ያግተዋል። ስክሪኑ የጠቆረውም ለዚህ ነው። የላፕቶፕ ስክሪን በውስጡ የራሱ ፖላራይዘር ስላለው የሚያወጣው ብርሃን ቀድሞ የተበጠረ ነው።

የሰው ዐይን ይህን ልዩነት አይለይም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ነገሩ እስኪታወቅ ብዙ ዘመን የፈጀው። እ.ኤ.አ. በ1808 ኤትየን ሉዊ ማሉስ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ፣ ፓሪስ ላይ በሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የነጠረችውን የምትጠልቅ ፀሐይ በአንድ ግልጽ ድንጋይ ውስጥ አየ። ድንጋዩ ነገርን ሁለት አድርጎ የሚያሳይ ዓይነት ነው። ሲያዞረው ከሁለቱ ምስሎች አንዱ እየደበዘዘ ሌላው እየደመቀ ሄደ። ከመስታወት የነጠረ ብርሃን ከፀሐይ በቀጥታ ከመጣው የተለየ መሆኑን በዚህ ተረዳ። ወደ ካሜራችን እስኪደርስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድዊን ላንድ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ደቃቅ ክሪስታሎችን ስስ ሉሕ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ አሰልፎ የሠራውን ፖላራይዘር ለፈጠራ መብት አመለከተ። ዛሬ በእጃችን ያለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ንብ ግን ከሁላችንም ቀድማለች። ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳየው ንቦች የሰማይን የተበጠረ ብርሃን እያዩ አቅጣጫ ይይዛሉ። ፀሐይ በደመና ብትሸፈንም ትንሽ ሰማያዊ ቀዳዳ ካገኙ መንገዳቸው አይጠፋቸውም። ንብ የምታነቡ ካላችሁ፣ ቀፏችሁ በር ላይ የምትነሳው ንብ እኛ በገንዘብ የገዛነውን ዐይን ይዛ ነው የምትወለደው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ተደንቄ ነበር፤ አሁንም ይደንቀኛል።

ወደ ሰማይ እንሂድ። ሰማይ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የተበጠረ አይደለም። በብርቱ የተበጠረው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ርቀት ላይ ያለው ክፍል ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሌባ ጣታችሁን ወደ ፀሐይ አነጣጥሩ፤ ፀሐይዋን ትኩር ብላችሁ አትዩአት። አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ክፈቱ። ሌባ ጣት ከፀሐይ ሳይነቀል እጃችሁን ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው አዙሩ። አውራ ጣት እየዞረ የሚያመለክተው የሰማይ ክፍል ሁሉ ፊልተሩ በኃይል የሚሠራበት ቀበቶ ነው። ወደ ፀሐይ ስትጠጉ፣ ወይም ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ፊት ለፊት ስታዩ፣ ፊልተሩን ብታዞሩት ባታዞሩት ሰማዩ ያው ነው።

አሁን ይህን ይዘን ጣርማበር ላይ እንቁም። ወይም የምኒልክ መስኮት ላይ፣ ወይም አንኮበር። ገደሉ የሚያየው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከሥር ቆላው፣ ከቆላው ማዶ የአፋር ሜዳ። ሁላችንም የተማርነው «ማለዳና ማታ አንሱ፣ ቀትር ላይ ካሜራችሁን አሳርፉ» የሚል ነው። ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ለሚፈልግ ሰው ልክ ነው። ለፖላራይዘር ግን እዚያ ገደል አፍ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ማለዳ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ናት፣ ማታ ከጀርባችሁ ናት፤ በሁለቱም ሰዓት ወደ ምሥራቅ አድማስ ላነጣጠረ ሰው ፊልተሩ የሚይዘው የለውም። ቀትር ላይ ግን ፀሐይ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚዘረጋው የሰማይ መስመር ላይ ስለምትቆም፣ የምሥራቅ አድማስ ከእርሷ ልክ 90 ዲግሪ ይርቃል። መስከረምም ቢሆን ታኅሣሥም ቢሆን ይህ አይለወጥም። በእኛ አካባቢ እውነተኛው ቀትር እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ከጣርማበር ቆላውን ለማንሳት ፊልተር ከያዛችሁ፣ ሌላው ፎቶ አንሺ ምሳ ለመብላት ሲወርድ እናንተ መሣሪያችሁን አውጡ።

ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 ገደማ፣ አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀናት ቀትር ላይ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል፤ ያ የተናገርኩት ቀበቶም ዙሪያውን አድማሱ ላይ ይጋደማል። የነሐሴው በደመናና በጉም ይበላል። የሚያዝያው ደግሞ በአቧራ። የአየር ቅንጣት የበተነው ብርሃን የተበጠረ ነው፤ አቧራ፣ ጢስና ጉም የበተኑት ግን አይደለም፣ ወይም በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ በበጋው መጨረሻ ቆላው በአቧራ ሲሸፈን ፖላራይዘር እንዲገልጥላችሁ አትጠብቁ። ዝናቡ አየሩን አጥቦ በሄደ በመስከረምና በጥቅምት ሞክሩት፤ ያኔ ከማዶ ያለው ተራራ አንድ እርምጃ ወደ እናንተ የቀረበ ይመስላል።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታችን መናገር አለብኝ። ይህ የተቀመጥንበት አዳራሽ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 ከመቶ ያህል ነው። መንዝ ውስጥ ወዳለው ጓሳ ስትወጡ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ናችሁ። ከላያችን ያለው አየር ስስ ስለሆነ ሰማያችን ያለ ፊልተርም ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ የሚኖር ፎቶ አንሺ ነጣ ያለውን ሰማይ ለማጥለቅ ፊልተሩን እስከ መጨረሻው ያዞራል፤ ያምርበታልም። እኛ ያንን ስናደርግ ሰማዩ የቀለም ጠርሙስ የተደፋበት ይመስላል፤ አንዳንዴም ወደ ጥቁር ይጠጋል። ሲበዛ ማር ይመራል ይባል የለ? ፊልተሩን እስከ ጥግ አዙሩትና ከዚያ ግማሹን መልሱት። እኔ ደጋ ላይ ለሰማይ ስል ሙሉ በሙሉ አዙሬው የወደድኩት ፎቶ የለኝም።

አንድ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ሰማዩን ሁሉ ለማስገባት ብዬ በ16 ሚሊ ሜትር ሌንስ አነሳኋቸው። ፖላራይዘሩ ተገጥሞ ነበር። ይህ ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ ወደ ጎን ከ95 ዲግሪ በላይ ያያል። እንግዲህ አስቡት፤ ፊልተሩ የሚሠራበትን ቀበቶም የማይሠራበትን ሰማይም በአንድ ፎቶ ውስጥ አስገብቻለሁ። ፎቶው ሲታጠብ ከሙሽሮቹ ራስ በላይ መሐሉ ጠቁሮ ዳርና ዳሩ የነጣ ሰማይ ወጣ። የሙሽራዋ እናት «ልጄ፣ ይህ ጥላ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ያ ቀን አይደገምም፤ ሙሽሮቹን መልሼ ሜዳ ላይ ማቆም አልችልም። ከዚያ ወዲህ ከ28 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ሌንስ ሰማይ የሚበዛበት ፎቶ ሳነሳ መጀመሪያ ፖላራይዘሩን እፈታለሁ።

እሺ፣ አሁን ወደ ምድር እንውረድ። ልቤ ያለው እዚህ ነው።

ቅጠል አረንጓዴ ነው እንላለን እንጂ፣ ፀሐይ ሲመታው ወይም ዝናብ ሲያርፍበት ከላዩ ላይ የሰማይ ነጸብራቅ ይለብሳል። ያ ነጸብራቅ ነጭ ነው፤ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ ይጋርደዋል። ፖላራይዘሩ ነጸብራቁን ሲገፈው ከሥር ያለው የቅጠሉ ቀለም ብቅ ይላል። ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ሰማዩ ገና ደመና እያለ፣ ይህን ሞክሩ። የዝግባውን ቅጠል፣ በግንዱ ላይ ያለውን ሽበት፣ እርጥቡን መሬት ያለ ፊልተር አንድ ጊዜ፣ በፊልተር አንድ ጊዜ አንሱ። ብዙ ሰው «ደመና ከሆነ ፖላራይዘር አይሠራም» ይላል። ለሰማዩ እውነት ነው። ለቅጠሉ ግን በደመና ቀን ይበልጥ ይሠራል እላለሁ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ በየቅጠሉ ላይ የሚንጠለጠለው የነጣ ሰማይ ራሱ ነው። በቀለም ማስተካከያ ፕሮግራም አረንጓዴውን ብታደምቁት ነጸብራቁም አብሮ አረንጓዴ ይሆናል እንጂ ቅጠሉ አይገለጥም። በነጭ የተሸፈነን ነገር ኮምፒውተር ከየት ያመጣዋል? ከሁሉም ፊልተሮች ፖላራይዘርን አስቀድሜ የምገዛው ለዚህ ነው።

ውኃ ደግሞ የራሱ ማዕዘን አለው። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1815 እንዳስቀመጠው፣ ከብረት በቀር እያንዳንዱ የሚያንጸባርቅ ነገር ብርሃኑ ፍጹም የሚበጠርበት አንድ ማዕዘን አለው። ለውኃ ያ ማዕዘን ከውኃው ገጽ 37 ዲግሪ ያህል ነው። በቁጥር ማስታወስ የማይወድ ሰው በእግሩ ይለካው። በሬሳ ወንዝ ዳር ቁሙ። ከእግራችሁ እስከ ዐይናችሁ 1.60 ሜትር ከሆነ፣ ከእናንተ 2 ሜትር ከጥቂት ራቅ ብሎ ያለውን ውኃ እዩ። እዚያ ላይ ፊልተሩን ስታዞሩት የሰማዩ ነጸብራቅ እንደ መጋረጃ ተገልጦ ከሥር ያለው ጠጠር ይታያል። እግራችሁ ሥር ያለውን ቁልቁል ካያችሁ ብዙም ለውጥ የለም፤ ሩቅ ማዶ ያለውን ካያችሁም እንደዚሁ። ቁመታችሁን ለመቀየር ቁጢጥ በሉ፣ ድንጋይ ላይ ውጡ። ፎቶ አንሺ ጉልበቱን ካልሰሰተ ማዕዘኑን ያገኘዋል። በነሐሴ ግን ውኃው ራሱ ጭቃ ስለሆነ ጠጠሩን አታገኙትም፤ ኅዳርን ጠብቁ።

ነጸብራቅ ሁሉ ጠላት እንዳይመስላችሁ። ጓሳ ላይ ማለዳ ፀሐይ ከወዲያ ስትመጣ ሣሩ ጫፍ ላይ የሚፈሰው ወርቅ ነጸብራቅ ነው። መንዜዎች ቄሮ በሚሉት የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓታቸው ለዘመናት የጠበቁት ያ ሣር፣ ጣሪያቸውን የሚከድኑበት ጓሳ፣ ውበቱ ማብረቅረቁ ነው። ፖላራይዘር ገጥማችሁ ስታዞሩት ወርቁ ይጠፋና ተራ ገለባ ይቀራል። ጠል የያዘ ጅብራም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ፊልተሩን ከመግጠማችሁ በፊት በእጃችሁ ይዛችሁ በዐይናችሁ ፊት አዙሩት። የሚጠፋው ነገር የምትወዱት ነገር ከሆነ ወደ ቦርሳው መልሱት።

የሰው ፊትም እንዲሁ ነው። ይህን ብዙ ቦታ ሲነገር አልሰማሁም፤ ግን ለእኛ ለጥቁር ሕዝብ ዋና ነገር ነው። የጠይም ሰው ፊት በፎቶ ላይ ቅርጽ የሚይዘው በግንባሩ፣ በጉንጩ አጥንትና በአፍንጫው ላይ ባረፈው ብርሃን ነው። ያ ብርሃን ነጸብራቅ ነው። ፖላራይዘሩን እስከ ጥግ ካዞራችሁት ላቡና ወዙ ይጠፋል፤ አብሮ ግን የፊቱ ተራራና ሸለቆ ይደለደላል። ለጥምቀት ከታቦቱ ጋር የሚሄዱ አንድ አረጋዊ ቄስን አንስቼ፣ በኋላ ሳየው ጃንጥላው የሐር ድምቀቱ ተገልጦ አምሮ፣ ፊታቸው ግን ሕይወት የሌለው ሆኖ አገኘሁት። ሰው የፎቶው ባለቤት ከሆነ ሰውየውን እያያችሁ አዙሩ፤ ጨርቁን እያያችሁ አይደለም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ቆርቆሮ። ከኮረብታ ላይ ሆናችሁ ከተማውን ስታነሱ የቤቶቹ ጣሪያ ዐይን ያጠፋል። ፖላራይዘሩን ታዞራላችሁ፣ ታዞራላችሁ፣ ምንም የለም። ፊልተሩ ተበላሽቶ አይደለም። ባዶ ብረት ላይ የነጠረ ብርሃን አይበጠርም ለማለት ይቻላል፤ ሚዶውም የሚይዘው የለውም። ጣሪያው ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ከቀለሙ ላይ የሚነጥረው ይቀንስላችኋል። ስለዚህ አረንጓዴ የተቀባ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ፊልተሩን ይታዘዛል፤ አጠገቡ ያለው ያልተቀባ አዲስ ቆርቆሮ አይታዘዝም። ለእርሱ መፍትሔው ፀሐይዋ እስክትዞር መጠበቅ ወይም ቦታ መቀየር ነው።

ፊልተሩ ዋጋ ያስከፍላል፤ በብር ብቻ ሳይሆን በብርሃን። ፖላራይዘር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ይበላል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ነው። በ1/250 ሰከንድ ታነሱ የነበረው ወደ 1/60 ይወርዳል ማለት ነው። አንድ ማለዳ ጓሳ ላይ መልክዐ ምድር ሳነሳ ቆይቼ ፊልተሩን ሳልፈታ ቀረሁ። ቀይ ቀበሮ ከፊቴ ብቅ አለ፤ አይጥ እያደነ ነበር። በረጅሙ ሌንስ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ተኮስኩ። አንዱም ጥርት ያለ አልነበረም፤ ሹተሩ ከቀበሮው ፍጥነት ጋር መሄድ አልቻለም። ጭላዳም ሆነ ቀበሮ፣ ሕይወት ያለውንና የሚንቀሳቀስን ነገር ስታነሱ ፊልተሩን ፍቱ።

ስለ ሌሎቹ ፊልተሮች ባጭሩ ልበል።

ኤንዲ የሚባለው ብርሃንን በእኩል የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ነው። ኤንዲ 8 ሦስት ስቶፕ፣ ኤንዲ 64 ስድስት፣ ኤንዲ 1000 አሥር ስቶፕ ይቀንሳል። በአሥር ስቶፕ 1/60 ሰከንድ ወደ 16 ሰከንድ ይረዝማል፤ ያለ ትራይፖድ አይታሰብም። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ የፖርቱጋሎች ድልድይ ከሚባለው ሥር በክረምት የሚወርደውን ውኃ በዚህ ፊልተር የሚያነሱ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሠላሳ ሰከንድ ይሰጡትና የተባዘተ ጥጥ ያደርጉታል። እኔ አልወደውም። የክረምት ውኃ ክብደት አለው፣ ድንጋይ ይገፋል፣ ወደ ገደሉ ሲወረወር ድምፁ ደረት ውስጥ ይሰማል። ከ1/8 እስከ ግማሽ ሰከንድ ባለው ውስጥ ብታነሱት ጅረቱም ይለሰልሳል፣ ጉልበቱም አይጠፋም። ለዚህ ደግሞ በደመና ቀን ፖላራይዘሩ የሚበላው ሁለት ስቶፕ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ እግረ መንገዱንም የእርጥቡን ድንጋይ ነጸብራቅ ይገፍላችኋል።

ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ግልጽ የሆነው ፊልተር ሰማይን ከምድር ጋር ለማስታረቅ የተሠራ ነው። ቀጥ ያለ አድማስ ላለው አገር ጥሩ ነው። የእኛ አድማስ ግን ሸንተረርና ዛፍ ነው፤ ኮረብታ ላይ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ስታነሱ ጉልላቷና ዙሪያዋ ያለው ጥድ አብረው ይጠቁራሉ። ከገዛችሁ መሸጋገሪያው ለስላሳ የሆነውን ግዙ። እኔ ግን ዛሬ ለሰማይና ለምድር ሁለት ፎቶ ለየብቻ አንስቶ ማዋሐድን እመርጣለሁ።

ዩቪ የሚባለው፣ ዐይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያግተው ፊልተር በፊልም ዘመን፣ በተለይ በእንዲህ ያለ ከፍታ፣ ሥራ ነበረው። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ግን ፊት ለፊቱ የራሱ ማጣሪያ ስላለው ዩቪ ዛሬ የሌንስ መከላከያ ከመሆን አያልፍም። የጓሳን የአቧራ መንገድ ስትሄዱ ግጠሙት። ማታ በደመራ ወይም ጧፍ በበራበት ማኅሌት ላይ ግን አውልቁት፤ የእሳቱ ብርሃን በሌንሱና በፊልተሩ መካከል ተመላልሶ በጨለማው ውስጥ ሌላ የማይኖር ጧፍ ያበራባችኋል። ቢጫና ቀይ ፊልተሮች በጥቁርና ነጭ ፊልም ለሚያነሳ ሰው ናቸው፤ በዲጂታል በኋላ ማድረግ ይቻላል።

ስለ መግዛት ከተነሳ፣ ሌንሶቻችሁ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ትልቁን ፈልጉ፤ 77 ከሆነ የ77 ፊልተር ገዝታችሁ ለትንንሾቹ ማስፊያ ቀለበት ጨምሩ። የሰፋ ለጠበበ ይሆናል፣ የጠበበ ለሰፋ አይሆንም። ገበያ ላይ ፖላራይዘር ተብሎ የሚሸጥ ተራ ጥቁር መስታወት አለ። ሻጩ ፊት ላፕቶፕ ስክሪን ላይ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ካልጠቆረ ሂዱ። ሊኒየርና ሰርኩላር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። በውስጡ ምስሉን ወደ ዐይን የሚመልስ መስታወት ያለው የቆየ ካሜራ ካላችሁ ሰርኩላሩ ያስፈልጋችኋል፤ ሊኒየሩ ፎከሱንና የብርሃን ልኬቱን ያሳስተዋል። ለመለየት የፊት መስታወት ፊት ቁሙ። ሌንስ ላይ የሚጠመዘዘውን ወገን ወደ መስታወቱ አድርጋችሁ ፊልተሩን አንድ ዐይናችሁ ፊት ያዙና በውስጡ አሻግራችሁ የራሱን የፊልተሩን ምስል እዩ። ከጠቆረ ሰርኩላር ነው። ገልብጣችሁ ስትይዙት ተመልሶ ይጠራል። ሊኒየር ግን በሁለቱም በኩል ያው ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እዚህ ልጻፍ።

አንዲት እኅት «በስልክ ለምናነሳውስ?» ብላ ጠየቀች። ይሠራል። ፊልተሩን በእጅ ይዞ የስልኩ ሌንስ ፊት ማዞር ይበቃል፤ ፖላራይዝድ የተባለ የፀሐይ መነጽርም ቢሆን ይሞከራል። ስልኩ ብዙ ሌንሶች ካሉት ሰፊውን ተዉት፤ ስለ ሰርጉ የተናገርኩት እዚያም ያገኛችኋል። ስልኩን ከጋድሞ ወደ ቁም ስትቀይሩ ፊልተሩንም እንደ ገና ማዞር አትርሱ። ለካሜራም ይህ እውነት ነው።

አንድ ወንድም ደግሞ ቀስተ ደመና ሲያነሳ ጭራሽ እንደ ጠፋበት ተናገረ። የቀስተ ደመና ብርሃን በጣም የተበጠረ ነው፤ ፊልተሩን በአንድ በኩል ብታዞረው ይሰርዘዋል፣ ሩብ ዙር ጨምረህ ስታዞረው ደግሞ ከበስተ ኋላው ያለውን ሰማይ አደብዝዞ እርሱን ያደምቀዋል። ስለዚህ ወንድሜ ቀስተ ደመናው ነበረ፤ የሰወርከው አንተ ነህ። ዐይንህን ከካሜራው ሳታነሳ አዙረው።

አሁን 9 ሰዓት ሆኗል። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች፤ ሌባ ጣታችሁን ብታነሱ አውራ ጣታችሁ ሰሜንን፣ ደቡብን፣ ከምሥራቁም የሰማዩን አጋማሽ ያሳያችኋል። ጠዋት የጣለው ዝናብ ገና ከቅጠሉ ላይ አልደረቀም። ሦስት ፖላራይዘሮች አሉኝ፣ ለሁላችሁም በተራ እሰጣለሁ። ወደ በሬሳ እንውረድ።